ከመሮ ወደ ግራይንደር፦ በአዲስ አበባ ዳርቻ በቤታቸው የሚቀርጹ ሰዎች የሚተነፍሱት ብናኝ

በአደባባይ ወይም በሆቴል ግቢ አዲስ ሐውልት ሲመረቅ ስለ ቀራጺው ሙያና ስለ ሥራው ትርጉም ብዙ ይነገራል። ሥራው የት ተሠራ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ብዙ ጊዜ መልሱ አንድ ሰርቪስ ክፍል፣ ወይም በለገጣፎ፣ በቡራዩ፣ በሰበታ፣ በኮዬ ፈቼ በኩል ከቤት ግድግዳ ጋር የተዘረጋ የቆርቆሮ ጥላ ሊሆን ይችላል። በመሃል ከተማ የኮሪደር ልማቱ እንደ ፒያሳና ካዛንቺስ ያሉ ነባር ሰፈሮችን ሲያነሣ፣ የቤት ኪራይም ሲንር፣ ሰፊ ቦታ የሚፈልግና ጎረቤት የሚያውክ ሥራ ወደ ዳር መሸሹ የሚጠበቅ ነበር። ሥራው ሲሸሽ አቧራውንም ይዞ ሄደ። ልዩነቱ አሁን አቧራው የሚያርፈው ልጆች በሚያድሩበት ግቢ መሆኑ ነው።

ስለዚህ አቧራ በሙያተኞችም በቤተሰብም ዘንድ ሦስት አባባሎች ይደጋገማሉ። አንዱ “ወተት ጠጣበት፣ ይጠርገዋል” ይላል። ሁለተኛው “ማስክ አደርጋለሁ” የሚል ነው። ሦስተኛው “አባቶቻችን ያለ ማስክ ዐለት ፈልፍለዋል” ይላል። ሦስቱም በቅንነት የሚነገሩ ናቸው፣ ሦስቱም ከፊል እውነት አላቸው፤ ሦስቱም ግን ዋናውን ነገር ይስታሉ። ዋናው ነገር መሣሪያውና የሥራው ቦታ መለወጣቸው ነው። በአንድ ትውልድ ውስጥ ሁለቱ ተለውጠው ጥንቃቄው እንደ ድሮው ቀርቷል።

መሮ ይሰብራል፣ ግራይንደር ያደቃል

መሮ በመዶሻ ሲመታ ከድንጋዩ የሚፈናጠረው አብዛኛው ፍንካች ነው። ዓይን ሊያጠፋ ይችላል፣ ግን እግር ሥር ይወድቃል። እጅም ይደክማል፣ ሥራው በየመሃሉ ይቆማል። በአንጻሩ አንድ ትንሽ ግራይንደር ዲስኩን በደቂቃ አሥር ሺህ ጊዜ ያህል ያሽከረክራል። ቀን ይፈጅ የነበረውን ጥርብ በሰዓት ይጨርሳል። ከድንጋዩ የሚነቅለውንም ወደ ዱቄት ይለውጠዋል፣ ከዱቄቱ ከፊሉ ዓይን የማያየው ነው።

ይህ ለውጥ ምን እንደሚያስከትል በሌላ አገር ታይቷል። በአሜሪካ ቨርሞንት ግዛት የምትገኘው ባሬ በግራናይት የታወቀች ከተማ ናት። ከጣሊያን የሄዱ የተካኑ ጠራቢዎች እዚያ ሐውልትና የመቃብር ድንጋይ ይቀርጹ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ በታመቀ አየር የሚሠራ መሮ መጣ፤ ክረምቱ ከባድ ስለሆነም ሥራው በዝግ ሼድ ውስጥ ይካሄድ ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ብዙ ጠራቢዎች በሳንባ በሽታና በቲቢ አለቁ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ አቧራውን ከየመሣሪያው አጠገብ የሚስቡ ቱቦዎች ሲገቡ፣ ከዚያ ወዲህ ሥራ በጀመሩት ሰዎች ላይ በሽታው እጅግ ቀነሰ። ድንጋዩ ያው የባሬ ግራናይት ነበር፣ ጠራቢዎቹም በሙያቸው ቀጥለው ነበር።

እዚህ የላሊበላ ነገር ይነሣል። ዐለቱን የፈለፈሉት እጆች ማስክ አልነበራቸውም፣ እውነት ነው። ግራይንደርም አልነበራቸውም። በደረታቸው ምን እንደደረሰ ደግሞ ጽፎ ያቆየልን የለም፤ ስለዚህ ምስክር አድርጎ መጥራት አስቸጋሪ ነው።

ወተቱ የሚሄድበትና ብናኙ የሚሄድበት

የሰው ፀጉር ውፍረት በአማካይ 70 ማይክሮን ገደማ ነው፤ ማይክሮን የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺሕኛ ማለት ነው። ሻካራው አቧራ በአፍንጫና በጉሮሮ ይያዛል፣ በአክታ ይወጣል። ከ4 ማይክሮን በታች የሆነው ግን እስከ መጨረሻዎቹ የሳንባ የአየር ከረጢቶች ይዘልቃል። እዚያ ባዕድ ነገር ሲገባ ውጠው የሚያስወግዱ የመከላከያ ሴሎች አሉ። ብናኙ ኳርትዝ ከሆነ፣ ማለትም በድንጋይና በአሸዋ ውስጥ ያለው ክሪስታል ሲሊካ ከሆነ፣ ሴሉ ይውጠዋል፣ ይመረዝበታል፣ ይሞታል። ብናኙ ተመልሶ ይለቀቅና ሌላ ሴል ይውጠዋል። ይህ መደጋገም ቁስል ይፈጥራል፣ ቁስሉ ጠባሳ ይሆናል፣ የጠነከረ ጠባሳ ደግሞ አየር አያሳልፍም። በሽታው ሲሊኮሲስ ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚገለጠው ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፤ ብናኙ እጅግ ከበዛ ግን በጥቂት ዓመታት ሊመጣ ይችላል። ጠባሳውን የሚመልስ መድኃኒት የለም። ሥራውን ካቆሙ በኋላም ሊባባስ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት አካል የሆነው የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1997 ክሪስታል ሲሊካን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ ከተረጋገጡት ነገሮች መድቦታል።

ወተት በምግብ ቧንቧ ወደ ጨጓራ ይወርዳል፤ ብናኙ በአየር ቧንቧ ሳንባ ገብቷል። ሁለቱ መንገዶች ከጉሮሮ በታች አይገናኙም። እምነቱ ግን የእኛ ብቻ አይደለም፤ በሶቪየት ኅብረት ጎጂ ሥራ ለሚሠሩ ሰዎች ወተት ማደል በሕግ የተደነገገ ነበር። ወተት የደረቀ ጉሮሮን ያለሰልሳል፣ ምግብም ነው፤ እፎይታው እውነተኛ ስለሆነ ጥበቃውም እውነተኛ ይመስላል። ጉዳቱ እዚህ ላይ ነው። አንድ ሊትር ወተት የገዛ ሰው ለሳንባው የሚገባውን አድርጌያለሁ ብሎ ያለ ውሃ መቁረጡን ይቀጥላል።

ለኢትዮጵያ አንባቢ ከሲሊኮሲስ ያልተናነሰ የሚያሳስበው የቲቢ ጉዳይ ነው። አገሪቱ በዓለም ጤና ድርጅት ዝርዝር ከፍተኛ የቲቢ ጫና ካለባቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። ሲሊካ የሚገድላቸው ሴሎች ደግሞ የቲቢን ባክቴሪያ ውጠው የሚይዙት እነዚያው ናቸው። ስለዚህ ለዓመታት ደረቅ ድንጋይ የፈጨ ሰው ቲቢ የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ይበልጣል፤ በራጅ ላይም አንዱ ከሌላው ጋር ሊምታታ ይችላል።

የአምቦ ድንጋይ እና የዳለቲ እምነ በረድ አንድ አይደሉም

“የድንጋይ አቧራ” ብሎ በአንድ ስም መጥራት ያሳስታል፣ አደጋው በኳርትዙ መጠን ይለያያልና። በአዲስ አበባ ሕንፃዎች ላይ በብዛት የሚታየው የአምቦ ድንጋይ አሸዋ ድንጋይ ነው፤ አሸዋ ድንጋይ ደግሞ በአመዛኙ የኳርትዝ ቅንጣት ስብስብ ነው። ለመሮ ገር ስለሆነ ጀማሪ ይወደዋል፣ ለሳንባ ግን ከሁሉ የከፋው ምድብ ውስጥ ነው። ከባቢሌ በኩል እንደሚመጣው ያለ ግራናይት በተለምዶ ከ20 እስከ 40 በመቶ ኳርትዝ ይይዛል። ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ የሚመጣው የዳለቲ እምነ በረድ ግን በዋናነት ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ አቧራው ያስላል፣ ዓይን ያቃጥላል፣ ሲሊካው ግን አነስተኛ ነው። ባዛልት፣ በተለምዶ ጥቁር ድንጋይ የምንለው፣ ኳርትዙ ትንሽ ነው ወይም ጭራሽ የለበትም።

ድንጋዩን ከግንባታ ትርፍራፊ የሚያገኝ ቀራጺ ምን እንደያዘ ላያውቅ ይችላል። ጥቂት ዱቄት ፍቆ ሎሚ ጠብ ቢያደርግበትና ቢፈላ፣ ካርቦኔት እንዳለበት ያውቃል፤ የእምነ በረድና የኖራ ድንጋይ ወገን ነው ማለት ነው። ካልፈላ ሲሊካ እንዳለበት ቆጥሮ መጠንቀቅ ይሻላል። መፍላቱ ግን ኳርትዝ ፈጽሞ የለም ማለት አይደለም፤ በእምነ በረድ መሃል የኳርትዝ ጅማት ሊኖር ይችላል።

አንድ ቁሳቁስ ለብቻው ሊነሣ ይገባዋል። ለወጥ ቤት መደርደሪያ የሚውለውና በፋብሪካ ከተፈጨ ኳርትዝና ከሙጫ የሚሠራው ድንጋይ እስከ 90 በመቶና ከዚያ በላይ ሲሊካ ሊይዝ ይችላል። በሌሎች አገሮች ወጣት ቆራጮችን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ስለጣለ አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 2024 ጀምሮ አግዳዋለች። ቁራጩ በነጻ ስለተገኘ ለትንንሽ ቅርጽ መጠቀም ኪስ ቢያተርፍም ዋጋው ሌላ ቦታ ይከፈላል። የሸክላ ጭቃም ከዚህ ነጻ አይደለም፦ እርጥብ እያለ ምንም አይልም፣ ደርቆ በብርጭቆ ወረቀት ሲፈተግ ግን ሲሊካ ያለበት አቧራ ይነሣል።

አራት በአራት የሆነች ክፍል

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣችው ደንብ በስምንት ሰዓት የሥራ ቀን በአማካይ የተፈቀደው ወደ ሳንባ የሚደርስ ሲሊካ በአንድ ሜትር ኩብ አየር 50 ማይክሮግራም ነው። ቁጥሩን ወደ ቤት እናምጣው። 4 ሜትር በ4 ሜትር ሆና ጣሪያዋ 2.5 ሜትር የሆነ ሰርቪስ ክፍል 40 ሜትር ኩብ አየር ትይዛለች። ስለዚህ በክፍሏ አየር ውስጥ 2 ሚሊግራም የደቀቀ ሲሊካ ቢንሳፈፍ ገደቡ ላይ ተደርሷል። በሁለት ጣት ከሚቆነጠር ጨው መቶኛው እጅ እንኳ አይሞላም። ግራይንደር ደረቅ ድንጋይ ላይ ሲያርፍ የሚበትነው በግራም የሚቆጠር ነው።

ቀጥሎ ያለው ጊዜ ነው። አንድ ማይክሮን የሆነ የድንጋይ ቅንጣት በረጋ አየር ውስጥ ከጣሪያ እስከ ወለል ለመውረድ ስምንት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። አየር በተንቀሳቀሰ ቁጥር ደግሞ እንደገና ይነሣል። ቀራጺው አመሻሽ ላይ ሥራ አቁሞ፣ ታጥቦ፣ እራት በልቶ ሲተኛ ከሰዓት በኋላ የተፈጨው ድንጋይ በዚያው ክፍል ውስጥ ገና ተንሳፍፎ ነው። በተራ ብርሃን አየሩ ጥርት ያለ ይመስላል። ጠዋት ግን ፀሐይ በቆርቆሮው የምስማር ቀዳዳ ስትገባና ጨረሯ ክፍሉን ሰንጥቆ ሲያልፍ፣ በጨረሯ ውስጥ የሚርመሰመሰው ጭስ መሰል ነገር ይታያል። የሥራ ደኅንነት ባለሙያዎች በጠንካራ መብራት የሚያደርጉትን ምርመራ ያ ቀዳዳ በነጻ ያደርገዋል።

ከዚያ መጥረጊያ ይነሣል። ደረቅ ወለል መጥረግ የተቀመጠውን ብናኝ መልሶ ወደ አፍንጫ ከፍታ ያነሣዋል፣ የሚጠርገው ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቀራጺው ሳይሆን የትዳር ጓደኛው ወይም የቤት ሠራተኛዋ ናት። እናቶቻችን የአፈር ግቢ ከመጥረጋቸው በፊት ውሃ የሚያርከፈክፉት አቧራ እንዳይነሣ ነው፤ በሥራ ደኅንነት መጻሕፍት “እርጥብ ዘዴ” የሚባለው ይኸው ነው። የሥራ ልብስን ከክፍሉ ሳይወጡ ማውለቅም ከዚሁ ጋር ይሄዳል፦ በአቧራ የነጣ ጃኬት ለብሶ ልጅ ማቀፍ ብናኙን ወደ አልጋ ማሻገር ነው።

ሙጫ፣ ብየዳ፣ ጀሶ

ዛሬ የሚሠራው ሁሉ ድንጋይ አይደለም። ነሐስ ለመምሰል ከሚቀቡት ሐውልቶች አብዛኞቹ ፋይበር ግላስ ናቸው፦ የመስታወት ክር በፈሳሽ ሙጫ (ሬዚን) ተነክሮ፣ ማጠንከሪያ ተጨምሮበት፣ በጀሶ ወይም በላስቲክ ቅርጽ ላይ ይለጠፋል። ቀላል ነው፣ ርካሽ ነው፣ በአንድ ፒክአፕ ይጫናል። ከፖሊስተር ሙጫ የሚተነው ስታይሪን የሚባል ኬሚካል ራስ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ካንሰር የማምጣት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው ተብሎ ተመድቧል። ማጠንከሪያው ፐርኦክሳይድ ነው። አንድ ጠብታው ዓይን ውስጥ ቢገባ ማየትን ሊያሳጣ ይችላል፤ ሙጫውን ከሚያፋጥነው ኮባልት ጋር በቀጥታ ቢደባለቅ ደግሞ ይፈነዳል።

በግቢ ውስጥ ለሚሠራ ሰው ከሁሉ ሊታሰብበት የሚገባው የስታይሪን ትነት ከአየር የከበደ መሆኑ ነው። ወደ ላይ አይወጣም፤ ወለል ለወለል ይሳባል። በ31 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሙጫው ለእሳት የሚበቃ ትነት ይሰጣል፤ ከሰዓት በኋላ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ሙቀት እዚያ ለመድረስ አይቸገርም። ቡና ደግሞ ወለል ላይ ይፈላል። ከሰሉም ዕጣኑም መሬት ላይ ነው፣ ብዙ ጊዜም የሚፈላው እዚያው ሰርቪሱ በር ላይ። በሙጫ ቀን ቡናው ወደ ዋናው ቤት ቢዛወር ምንም ወጪ የለውም።

ብየዳ የበለጠ ይታወቃል። የዓይኑን ነገር ያልሰማ የለም፣ ሌሊት አሸዋ የገባበት ያህል ያቃጥላል። ብዙ የማይታወቀው የዚንክ ትኩሳት ነው። በዚንክ የተለበጠ ቆርቆሮ ወይም ቱቦ የበየደ ሰው ከአራት እስከ አሥር ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ አፉ ብረት ብረት ይለዋል። በአንድ ሁለት ቀን ይለቀዋል። “ብርድ መታኝ” ብሎ ያልፈዋል፣ ከሳምንት በኋላም ይደግመዋል። የብየዳ ጭስ ራሱ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ካንሰር አምጪ ተብሎ ተመድቧል።

ጀሶ በአንጻሩ የዋህ ነው፣ ከአንድ ነገር በቀር። ሲጠነክር ይግላል፣ በወፈረ ቁጥር ግለቱ ወደ 60 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2007 በእንግሊዝ አንዲት ተማሪ በክፍል ውስጥ የእጇን ቅርጽ ለማውጣት እጆቿን በጀሶ ባልዲ ውስጥ ከትታ ማውጣት ስላልቻለች አብዛኞቹን ጣቶቿን አጥታለች። የሰውን እጅ ወይም ፊት ለቅርጽ በጀሶ በሚሸፍኑበት ጊዜ ይህ መረሳት የለበትም። ሲሚንቶ እንደ ጀሶ ቶሎ አይግልም፣ ግን ቆዳን በኖራ ኃይሉ ይበላል፤ ሕመሙም የሚሰማው ከቆየ በኋላ ነው።

ውሃው ከየት ይምጣ፣ ማስኩስ?

ባለሙያዎች የሚመክሩት ቅደም ተከተል ከተለመደው የተገለበጠ ነው። መጀመሪያ ቁሳቁሱን መምረጥ፣ ቀጥሎ ብናኙ ከምንጩ እንዳይነሣ ማድረግ፣ ከዚያ ከሰው ማራቅ፣ ማስክ መጨረሻ ላይ። እኛ ዘንድ ከማስክ ተጀምሮ በማስክ ያልቃል፤ ስለሚገዛ ይሆናል።

ብናኝን ከምንጩ የሚይዘው ርካሹ ነገር ውሃ ነው። ክዳኑ የተበሳ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዞ የሚያንጠባጥብ ረዳት እንኳ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። እዚህ ላይ ተቃውሞ አለ፣ ተቃውሞውም ተገቢ ነው። በዳርቻ ሰፈሮች ውሃ በፈረቃ ነው፤ ለማብሰያ የተጠራቀመ ጀሪካን ለድንጋይ አይፈስስም። ከዚህ የሚከብደው ደግሞ ኤሌክትሪኩ ነው። የተራ ግራይንደር ሞተር ለውሃ አልተሠራም፤ በእርጥብ መሬት ላይ ቆሞ፣ በተቀጠለ ገመድ፣ ግራውንድ በሌለው ሶኬት መሥራት ሳንባን ለማዳን ልብን ማስያዝ ነው። ኃይል በሰው በኩል ወደ መሬት ማምለጥ ሲጀምር በቅጽበት የሚቆርጥ የ30 ሚሊአምፔር ብሬከር ከሌለ በማሽንና በውሃ መሥራት አይመከርም። መካከለኛው መንገድ ሥራውን መክፈል ነው፦ በማሽን የሚቆረጠውን ደጅ፣ ነፋሱን ከጀርባ አድርጎ፣ በጎረቤት ልብስ ማስጫ አቅጣጫ ሳይሆን መቁረጥ፤ ማለስለሱን ግን በእጅ፣ በሞረድና በእርጥብ ብርጭቆ ወረቀት መጨረስ። ሲለሰልስ የፈሰሰው ውሃ በሳፋ ቢጠራቀምና ቢጠል ደግሞ ለነገ ያገለግላል።

ወደ ማስክ እንመለስ። ከኮቪድ ዘመን የተረፈው ሰማያዊ የሕክምና ማስክ የተሠራው ከአፍ የሚወጣ ጠብታን ለመያዝ ነው፤ ጎኑ ክፍት ስለሆነ ደቃቁ ብናኝ በዚያ ይገባል። ፊት ላይ የተጠመጠመ ነጠላ ወይም ሻርፕ የሚይዘው አክታ ሆኖ የሚወጣውን ሻካራ አቧራ ብቻ ነው። ኤን 95 ወይም ኤፍኤፍፒ 2 የሚባሉት ደቃቁን ያጣራሉ፣ ፊት ላይ ከገጠሙ። የቀራጺ ጺም ግን በሙያው የተለመደ ጌጥ ነው፣ ጺም ባለበት ደግሞ ማስክ አይገጥምም። ለአንዳንዱ ምክሩን መቀበል የሚከብደው እዚህ ላይ ሊሆን ይችላል። እነዚህ ማስኮች ለሙጫ ትነት አይሠሩም፤ ለዚያ የከሰል ማጣሪያ ያለው የጎማ ማስክ ያስፈልጋል፣ ማጣሪያውም ሲሞላ ይቀየራል።

ስለ ድምፅ በአጭሩ፦ 85 ዴሲቤል ለስምንት ሰዓት የሚታገሡት ነው፣ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 100 ዴሲቤል ለሚያወጣ ግራይንደር የሚቀረው 15 ደቂቃ ነው። ጥጥ መወተፍ ብዙ አይረዳም።

ሕጉ የሚያየውና የማያየው

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ ለሠራተኛው መከላከያ እንዲያቀርብና የሥራ ቦታውን ደኅንነት እንዲጠብቅ ያስገድዳል። አዋጁ የቆመው በሥራ ውል ላይ ነው። ለራሱ የሚሠራ ቀራጺ አሠሪ ስለሌለው ከዚህ ጥላ ውጭ ነው፤ ሐውልቱን ያዘዘው ድርጅት የሚገዛው ዕቃ ነው፣ ጉልበት አይደለም። ብዙ ቀራጺ የማያስተውለው ግን ረዳት የቀጠረ ዕለት እርሱ ራሱ አሠሪ መሆኑን ነው። ማለስለስና መፈተግ፣ ማለትም አቧራው የሚበዛበት ሥራ፣ በልማድ የሚሰጠው ለጀማሪው ነው። ጌታው ከርቀት ሆኖ ቅርጹን ያያል፤ ልጁ ፊቱን ድንጋዩ ላይ ደፍቶ ይፈትጋል።

ምን ይደረግ በሚለው ላይ አመለካከቱ ይለያያል። አንዱ ወገን ለጥቃቅንና አነስተኛ ኢንተርፕራይዞች እንደሚሰጠው ዓይነት የጋራ ሼድ ለቀራጺዎች ቢሰጥ፣ አቧራ ሳቢና ውሃ በጋራ ቢገባ፣ ቤተሰብም ጎረቤትም ያርፋል ይላል። ተማሪ በአለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ሳለ የጋራ ወርክሾፕ ነበረው፤ ሲመረቅ ብቻውን ቀረ፤ ክፍተቱ ይኸው ነው የሚል መከራከሪያም ያቀርባል። ሌላው ወገን ትእዛዝ ሲገኝ ብቻ የሚሠራ ሰው ወርኃዊ ኪራይ አይችልም፣ ሌሊት የመጣ ሐሳብም ሼዱ እስኪከፈት አይጠብቅም ይላል። በዚያ ላይ በባሬ እንደታየው ዝግ ሼድ ራሱ መሳቢያ ከሌለው የብዙዎችን አቧራ ለሁሉም ማካፈያ ይሆናል። በእኔ ግምት ሼዱ የሚጠቅመው ለማሽን ቆረጣና ለሙጫ ብቻ ቢሆን፣ በቀን ሒሳብም ቢከራይ ነው፤ ጭቃው፣ ጀሶውና የእጅ ሥራው ቤት ቢቆይ የሚያስከትለው ጣጣ በጥንቃቄ የሚያዝ ነው።

ሼዱ እስኪመጣ ግን በሽተኛው ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል። ከሁለት ሳምንት በላይ የሳለ ሰው ለቲቢ ይመረመራል፣ ይህ ትክክል ነው። አክታው ነጻ ሲሆንና ሳሉ ሲቀጥል ግን ነገሩ በካርዱ ላይ በሰፈረው “የግል ሥራ” በሚሉት ሁለት ቃላት ሊሸፈን ይችላል። ለሐኪሙ “ለስምንት ዓመት ድንጋይ በግራይንደር ስቆርጥ ኖሬያለሁ” ብሎ መናገር ራጁ የሚነበብበትን መንገድ ይለውጠዋል። ገና ጤነኛ ሳሉ የተነሣ አንድ የደረት ራጅ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ከተገኘ ደግሞ ሐኪሙ አዲሱን ከእርሱ ጋር አስተያይቶ ጠባሳው መቼ እንደጀመረ ሊያይ ይችላል።